ስኳር ያስጀመረኝ ጸሎት

ሰው ወደ እግዚአብሔር እንዴት እንደቀረበ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዱ ሕልም አይቶ፣ አንዷ በጭንቋ ቀን ተስላ፣ ሌላው ከሞት አፋፍ ተመልሶ። እኔን ያቀረበኝ ስኳር ነው። ስኳር በሽታ፣ በዚያ ላይ ደም ግፊት፣ በዚያ ላይ ሐኪሟ «መጥፎው ስብ» ያለችኝ ነገር። ጥሩ ስብ የሚባል እንዳለም ያወቅሁት የዚያን ዕለት ነው፤ እኔ ዘንድ ግን አልተገኘም።

መገናኛ የመነጽር ሱቅ አለኝ። ሥራዬ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ዓይኑ ላይ ሌንስ እየቀያየርኩ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፊደላት ማስነበብ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ አስቀምጬ «አሁንስ? አሁንስ?» እያልኩ ሳለ ፊደላቱ ከግድግዳው ወርደው ሲሄዱ አየሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው የወለሉን ቅዝቃዜ ነው። ሽማግሌው በሙከራ መነጽሩ ቁልቁል እያዩኝ ነበር።

«ይኸኛው ጥሩ ነው» አሉኝ። «ወድቀህ እንኳ ጥርት ብለህ ትታየኛለህ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔ ክርስትና በባለቤቴ በኩል የሚካሄድ ነበር። እሷ ትጾማለች፣ እኔ በጾሙ ምግብ አማርራለሁ። እሷ ገብታ ታስቀድሳለች፣ እኔ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ እጠብቃለሁ። በዓል ሲሆንና ማምለጫ ሳጣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ዛፍ ሥር እቆማለሁ። እዚያ እንደ እኔ ያሉ ባሎች አሉ። ስለ ኳስና የኮሪደር ልማቱ ቀጥሎ የትኛውን ሰፈር እንደሚያፈርስ እናወራለን፤ ደወል ሲሰማ ባንድነት እናማትባለን። ከውጭ ላየን የምንጸልይ እንመስል ነበር።

ከወደቅሁ በኋላ ባለቤቴ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ነበረች። ወረቀቱን ስታይ ቆየችና ቀና አለች።

«ስፖርት ይሠራሉ?»

«አያለሁ። በቴሌቪዥን።»

«በእግርዎስ ይሄዳሉ?»

«ከመኪናዬ እስከ ሱቄ።»

«ሰፈርዎ የት ነው?»

«ፈረንሳይ።»

«እንግዲያውስ ዕድለኛ ነዎት» አለች። «እንጦጦ ጓሮዎ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ሽቅብ ይውጡ። ካልወጡ ቀስ በቀስ ቁልቁል ነው።»

ይህን ስብከት ይዤ ስወጣ መተላለፊያው ላይ አንድ ቄስ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሰው እንዳያውቃቸው መሆኑ ግልጽ ነበር። ባለቤቴ ግን ጥምጥም አይታ አታልፍም። ጎንበስ ብላ «ይፍቱኝ አባ» ስትል፣ ቄሱ ደንግጠው ከጋቢው ውስጥ ለመውጣት ታገሉ።

«ቆይ ልጄ፣ ቀኝ እጄ ሥራ ላይ ነው» አሉ። ከጋቢው ሥር የሽንት ብልቃጥ ይዘው ነበር።

የንስሐ አባታችን ነበሩ። ሰባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ሰፊ፣ ድምፃቸው ነጎድጓድ የሆነ ሰው። ብልቃጡን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሁለታችንንም ባረኩን። እኔ መስቀሉን ስሳለም ዓይኔ ብልቃጡ ላይ ነበር።

«ስኳር ነው አባ?» አልኳቸው።

«ስኳር ነው። የገደላችሁኝ እናንተ የንስሐ ልጆቼ ናችሁ። በየቤቱ ስዞር ሁሉም ሻይ ያቀርብልኛል። ኃጢአቱ በከበደ ቁጥር ስኳሩን ያበዛዋል።»

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። የእኛ ቤት ሻይ እንደ ማር ነበር።

ለእሳቸውም ሐኪሟ ያንኑ አዘዘች፤ ሽቅብ መውጣት። እግራቸውንም በየቀኑ እንዲያዩ ነገረቻቸው፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል ላይሰማው ይችላልና። «እግሬን ለማየት ጎንበስ ማለት አለብኝ፣ ጎንበስ ለማለት ደግሞ ሆዴን ማስፈቀድ አለብኝ» አሏት። እሷ አልሳቀችም። ባለቤቴ ግን መንገድ ላይ ሳለን ነገሩን ሁሉ ወስና ጨርሳለች። እኔና የንስሐ አባቴ በየጠዋቱ አብረን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንወጣለን። ዓመታት ሙሉ ለምና ያላገኘችውን በአንድ የላቦራቶሪ ውጤት አገኘች። ያን ቀን ማታ ስትጸልይ ድምፅዋ ውስጥ የድል ቅላጼ ነበረ።

የመጀመሪያው ጠዋት ጭጋግ ነበር። ከሰፈራችን በላይ መንገዱ ባሕር ዛፉ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ቆሜ ስጠብቃቸው፣ ከሳቸው በፊት ጫማቸው መጣ። ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው አዲስ ስኒከር ልካላቸው ነበር፤ አረንጓዴ፣ ገና ያልነጋውን ሊያነጋው የሚደርስ አረንጓዴ። በላዩ ጥቁሩ ቀሚስ፣ በላዩ ጋቢ፣ በላዩ ጥምጥም።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ምንም አላልኩም አባ።»

«ሐዋርያትም ቢሆኑ ይህን ቢያገኙ ያደርጉት ነበር። ና፣ ቅደም።»

መቅደም እንኳ አልቻልኩም። ትንሽ እንደወጣን ትንፋሼ አለቀ። የእሳቸው ግን ገና ሳንጀምር አልቆ ኖሯል። ወደ ፓርኩ የሚወጡ ወጣቶች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው በሩጫ ያልፉናል። አንዳንዷ ጥምጥሙን ስታይ ቆም ትልና መስቀል ተሳልማ መሮጧን ትቀጥላለች። «እኔ ባርኬ ሳልጨርስ እሷ ደርሳ ትመለሳለች» ይላሉ አባ። አንድ ግንድ ስናገኝ ቁጭ አልን።

«እንረፍ ልልዎ ነበር» አልኳቸው።

«እኔም ልል ነበር። ግን ቄስ ቀድሞ አያርፍም፣ ለምእመኑ መሰናክል ይሆናል።»

ከዚያ ለሽንት ብለው ከዛፉ ጀርባ ዞሩ። የሰማሁት ግን የላስቲክ ኮሽታ ነው። ተነሥቼ ሳይ ብስኩት በእጃቸው ይዘዋል።

«ለውሾች ነው» አሉ።

ውሻ አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ግማሹን ሰጡኝ፤ እኔም በላሁት። ስኳር ያለባቸው ሁለት ሰዎች፣ በሐኪም ትእዛዝ ተራራ ላይ ወጥተው፣ ተደብቀው ብስኩት በሉ። የመንፈሳዊ ጉዞዬ የመጀመሪያ ቀን ይህን ይመስል ነበር።

በየቀኑ እየወጣን ስንሄድ ወሬ አለቀብን። ለነገሩ ሽቅብ እየወጡ ማውራትም አይቻልም። ዝም ስንል ደግሞ የራሳችን ልብ ሲመታ ይሰማናል፣ ያ እኔን ያስፈራኝ ነበር። እየመታ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ሊያቆም የሚችል ነገር መሆኑ። አንድ ጠዋት ይህን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው አፍህን ሥራ ስጠው» አሉኝ። «ስትረግጥ እግዚኦ በል፣ ስትረግጥ መሐረነ በል፣ ስትረግጥ ክርስቶስ በል። ሌላ ምንም አትጨምር። ሽቅብ ሲወጣ የሚጸለየው አጭሩ ነው። ረጅሙን ስንወርድ እናደርሰዋለን።»

«ሐሳቤ ሌላ ቦታ ቢሄድስ?»

«ይሂድ። እግርህ አብሮት እስካልሄደ ድረስ ምን ቸገረህ። ሐሳብ ሲርበው ይመለሳል።»

እኔ ጸሎት ማለት በተመስጦ ዓይንን ጨፍኖ የሚደረግ ነገር ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ብጨፍን ገደል እገባለሁ። ስለዚህ ዓይኔን ገልጬ፣ እያለከለክሁ፣ በላብ ተነክሬ፣ አፍንጫዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ እግዚኦ አልኩ። ከኋላዬ እሳቸው ይከተላሉ። አንዳንድ ጊዜ ትንፋሽ ያጥረንና እኔ «እግዚኦ» ብዬ ሳቆም እሳቸው «ክርስቶስ» ብለው ይደርሳሉ፤ መሐሉን እግዚአብሔር ራሱ ይሙላው ብለን እንተወዋለን።

ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ ብዙ ጊዜ ቅዳሴ ተጀምሯል። አባ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ እኔ በልማዴ ዛፍ ፈልጌ እቆማለሁ። ጸበልተኞች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው በጭቃው ላይ ይተላለፋሉ። ባለቤቴ ጸበል እንድጠመቅ ስላዘዘችኝ አንድ ጠዋት ተሰለፍኩ። ውኃው ራሴ ላይ ሲወርድ እኔ ራሴ ያላወቅሁት ጩኸት ከአፌ ወጣ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ ጋኔን የወጣ መስሏቸው። አጥማቂው ቄስ የጋኔኑን ስም እንድናገር አጥብቀው ጠየቁኝ። ብርድ ነው ብላቸው አላመኑኝም። አባ ይህን ሲሰሙ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ጋኔን ባይወጣም ስንፍና ይወጣል፣ እሱም ቀላል አይደለም» አሉኝ።

መቼ እንደጀመረ በትክክል አላውቅም። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሱቅ ውስጥ ነው። ለአንዲት ሴት ሌንስ እየቀየርኩ «አሁንስ?» በማለት ፋንታ «እግዚኦ» አልኳት። ሴትዮዋ ዓይኗ መጥፋቱ መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ሻይ ስጠጣ፣ ታክሲዎቹ መገናኛ አደባባይ ላይ ተጠላልፈው ሲጮኹ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ያቺ አጭር ጸሎት እኔ ሳልጠራት በራሷ ትመጣለች። እንደ ዘፈን ናት፤ አልወጣም ብላ ውስጤ ተቀመጠች።

ቀጥሎ ያ ጠዋት መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ነበር። መንገዱ ያንሸራትታል፤ እኔ ሁለቴ ወድቄ ሱሪዬ ጭቃ ሆኗል። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ከሥራችን ተገለጠና ከተማው ታየ፤ ከፈረንሳይ ቆርቆሮ እስከ አያት ኮንዶሚኒየም ድረስ እርጥብ ሆኖ ያበራል። ከላይ የኪዳነ ምሕረት ድምፅ ማጉያ እንደተለመደው እየተቆራረጠ የካህናቱን ዜማ ያመጣል። ምንም አዲስ ነገር የለም። እኔ ግን ሳቅሁ። አንድም የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ከሆዴ የሚመጣ ሳቅ ሳቅሁ፣ ዓይኔም እንባ ሞላ።

አባ ቆሙ። «ምን ሆንክ?»

«ምንም አባ። ደስ አለኝ።»

ቀረብ ብለው ፊቴን መረመሩኝ። «ደረትህን ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ግራ እጅህን?»

«ደህና ነው።»

«ያዞርሃል? ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ አባ። ስኳር አይደለም።»

«እንግዲያው መንፈሳዊ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ እኔ ጠየቅኋቸው፤ «እርስዎስ አባ፣ እንዲህ ደስ ይልዎታል?»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ዲያቆን ሳለሁ ይለኝ ነበር» አሉ። «ከዚያ ሥራ ሆነ። አሁን እውነቱን ልንገርህና፣ አንዳንድ ቀን የምደሰተው ቅዳሴው ሲያልቅ ነው። ወገቤ ያመኛል፣ ይርበኛል፣ ወጣቶቹ ካህናት ዜማውን ያንዛዙታል። ለሃምሳ ዓመት ሌላውን ሰው ደስ ይበላችሁ እያልኩ ኖርኩ።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «አንተ ስትስቅ ግን ትዝ አለኝ። ቀናሁብህ።»

በሕይወቴ ቄስ የቀናብኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ቁርሴን ደግማ አቀረበችልኝ።

ከዚያ ጊዜ በኋላ አባ ተለወጡ ብዬ ማለት እችላለሁ። ቁልቁል ስንወርድ ድሮ የተማሩትን ዜማ ማዜም ጀመሩ፤ ወፎቹ እስኪነሡ ድረስ። እኔ ደግሞ ዛፌን ትቼ ወደ በሩ ተጠጋሁ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ከሴቶቹ በኩል ሆና በነጠላዋ ጫፍ ታየኝ ነበር፤ እንዳልበረግግ ብላ ግን ፈጥና ዓይኗን ትመልስ ነበር።

ይህ ሁሉ መልካም እየሆነ ሳለ ጫማው እግራቸውን ላጠው። አረንጓዴው ጫማ ማለቴ ነው። ተረከዛቸው አጠገብ ትንሽ ቁስል ወጣ፤ እሳቸው አልተሰማቸውም፣ ሆዳቸውም አላሳያቸውም። ባለቤታቸው ካልሲያቸውን ስታጥብ ነው ደሙን ያየችው። ክሊኒኩ ወደ ሆስፒታል ላካቸው፣ ሆስፒታሉ አስተኛቸው፣ መድኃኒት ተሞከረ፣ ቁስሉ ግን ጠቆረ። በመጨረሻ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ያን ሰሞን ብቻዬን ወጣሁ። እግዚኦ አላልኩም። ጥርሴን ነክሼ ነው የወጣሁት። እኔን የሚያህል ሰነፍ፣ ብስኩት በልቶ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ፣ ሁለት እግሩን ይዞ ይመለሳል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በእግራቸው ቆመው ያገለገሉት ሰው ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲወጡ እግራቸውን ተነጠቁ። ሥርዓት ያለው ሥራ አልመሰለኝም። እላይ ደርሼ ግቢው ውስጥ አልገባሁም፤ አጥሩን አይቼ ተመለስኩ።

ሆስፒታል ስገባ አባ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። አንሶላው ከግራ በኩል ባዶ ሆኖ ተንጣሏል። መስቀላቸውን አወጡ። እኔ ጎንበስ አላልኩም።

«አባ፣ እኔ እግዚአብሔርን አኩርፌዋለሁ» አልኳቸው።

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «አኩርፈው» አሉኝ። «የሚኮረፈው የሚቀርቡት ነው። ያን ጊዜ ዛፍ ሥር ሳለህ አኩርፈኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ስለማትቀርበዋ። አሁን ተሳለም፤ ኩርፊያህን ከመስቀሉ በኋላ ትቀጥላለህ።»

ተሳለምኩ። ሳቅንም። አጠገባቸው የተኛው በሽተኛ ዝም በሉ አለን።

ሆስፒታል ሳሉ እንዲህ የቀለዱት ሰው ቤት ሲገቡ መንፈሳቸው ወደቀ። ጉዳዩ ሲያልቅ፣ ጠያቂው ሲቀንስ፣ ክራንቹ ከበሩ ጀርባ ሲቆም ነገሩ ገባቸው መሰለኝ። ቆሞ መቀደስ የለም። ቤት ለቤት መዞር የለም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባለቤታቸው እያለቀሰች ወደ ባለቤቴ መጣች፤ አይበሉም፣ አያወሩም፣ ዳዊታቸውን እንኳ አይደግሙም አለች። ሌሎች ካህናት መጥተው አጽናኗቸው። እግዚአብሔር የሚወደውን ይቀጣል ሲሏቸው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር «እንግዲያው እናንተን አይወዳችሁም» ብለው መለሱ አሉ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም።

ባለቤቴ ጠዋት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። «ሂድ» አለችኝ።

«ሄጄ ምን እላቸዋለሁ? ካህናቱ ያልቻሉትን?»

«ምንም አትበል። ያው ጠዋት ጠዋት አብራችሁ ነበራችሁ፣ አብራችሁ ሁኑ።»

ሄድኩ። ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሰላምታዬን አልመለሱም። ዝም ብሎ መቀመጥ ሲከብደኝ ከራስጌው የአማርኛ ዳዊታቸውን አነሣሁና ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ሌላውን ሳስነብብ የኖርኩ ሰው ነኝ እንጂ አንባቢ አይደለሁም። ያውም የፊደሉ ቅርጽ ጥንታዊ፣ ወረቀቱ በጣት ብዛት የጠቆረ። እየተደናቀፍኩ፣ በማይቆምበት እየቆምኩ፣ በሚቆምበት እያለፍኩ አነበብኩ። በማግሥቱም እንደዚያው። ብርድ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም፤ አንዳንዴ ግን ስሳሳት እንደ ሕመም ያለ ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ እግዚአብሔር አንድ ነገር ተናገረ የሚል ቦታ ላይ ደረስኩ። «አለ» የሚለውን ቃል ላልቶ መነበብ ሲገባው አጥብቄ አነበብኩት። እግዚአብሔር የተናገረበትን ቦታ፣ እግዚአብሔር መኖሩን ብቻ አስታውቄ አለፍኩ።

ብርድ ልብሱ ተነቃነቀ።

«መኖሩንማ እናውቃለን» አለ ያ ነጎድጓድ ድምፅ። «ምን አለ ነው ጥያቄው።»

«ይቅርታ አባ።»

«አላልተህ አንብብ። ዳዊትን በመቃብሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ገለበጥከው።»

አላልቼ አነበብኩ። ሌላ ቃል ስስት ተገላብጠው አዩኝ፤ ሌላ ስስት ቁጭ አሉ፤ ሌላ ስስት መጽሐፉን ከእጄ ነጠቁኝ። ለማስተካከል ጥቂት መስመር አነበቡ፣ ከዚያ ማቆም ረሱ። በመሐል ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን አላቋረጡም። እያለቀሱ አነበቡ፣ እኔም እያለቀስኩ ሰማሁ። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘግተው፣ «ርቦኛል» አሉ። «ስኳር የሌለው ነገር እንዳታመጡ፣ ዛሬ በዓል ነው» ብለው ጨመሩ። አልሰማናቸውም፤ ያለ ስኳር አመጣንላቸው።

የካቲት ላይ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ደረሰ። አባ መውጣት እፈልጋለሁ አሉ። የእኔ መኪና ጠባብ ናት፤ የአባ ስፋት ደግሞ በእግራቸው መቆረጥ ያን ያህል አልቀነሰም። ጎረቤታችን ፍራሽ የሚያከፋፍል ሰው ነው፤ አይሱዙውን አመጣ። ከኋላ ፍራሽ ላይ ፍራሽ ደራርበን አባን ከላይ አስቀመጥናቸው። ጥላ ያዝኩላቸው። ባለቤቴና ባለቤታቸው ከጎን ተደግፈው ተቀመጡ። ሽቅብ ስንወጣ በእግሩ የሚጓዘው ሕዝብ ታቦት ይሁን የፍራሽ ማስታወቂያ መለየት አቅቶት ያየን ነበር፤ አንዳንዱ ለማንኛውም ብሎ አማተበ።

«ያን ሽባ በአልጋው የተሸከሙት ሰዎች ነበሩ» አሉ አባ ከላይ። «እኔን አይሱዙ ይሸከመኛል። ደግሞ ጣራ መንደል አያስፈልገንም፣ ይህ ጣራ የለውም።»

ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጣቸው። ሰው መስቀል ለመሳለም ከበባቸው፤ የንስሐ ልጆቻቸው፣ ጸበልተኞች፣ በሩጫ የሚያልፉን የነበሩ ወጣቶች ሳይቀሩ። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ዕጣኑ አስነጠሰኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ስልክ በቅዳሴው መሐል ጮኸ፤ ጉልበቴ አመመኝ። በዚህ ሁሉ መሐል ያ ሳቅ መጣ። በመታጠፊያው ላይ የመጣው ያኛው አልነበረም፤ ጸጥ ያለ፣ ረጋ ብሎ የሚቀመጥ ነበር። አኩርፌ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ለምን እንዳኮረፍኩም አልረሳሁም። መልስ አላገኘሁም። ግን የጠየቅሁት እዚያው ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነበር፣ ማንም ውጣ አላለኝም፣ ይህ ራሱ ጉልበት ሆነኝ። እስከ መጨረሻው ቆምኩ።

አሁን አባ ሰው ሠራሽ እግር ተሠርቶላቸዋል። ለመለማመድ ወደሚሄዱበት ማእከል በየሳምንቱ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እዚያ በመኪና አደጋ እግሯን ያጣች አንዲት ወጣት አለች፤ ከማንም ጋር አታወራም ነበር። አባ በመጀመሪያው ቀን የያዟቸውን ብረቶች ተደግፈው ሲቆሙ፣ «በስመ አብ» ብለው አዲሱን እግር አነሡ። እግሩ ወደ ግራ፣ አባ ወደ ቀኝ ሄዱ። ባለሙያው ደርሶ ያዛቸው።

«ገና አልተጠመቀም» አሉ እግሩን እያዩ። «ለዚህ ነው የማይታዘዘኝ።»

ወጣቷ ሳቀች። አፏን ለመያዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። አባ ዞረው አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ቀናሁብህ ያሉኝ ጊዜ አጥተውት የነበረው ደስታ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷ ወንበሯን ከብረቶቹ አጠገብ አድርጋ ትጠብቃቸዋለች። ሃይማኖቷን አልጠየቋትም። እሷ ግን ትጠይቃቸዋለች፤ ከባድ ከባድ ጥያቄ፣ እኔ ልጠይቅ የማልደፍረውን። እሳቸውም ያወቁትን ይመልሱላታል፤ ያላወቁትን «እሱን እኔም አኩርፌ እየጠበቅሁ ነው» ይሏታል።

እኔ ጠዋት ጠዋት አሁንም እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ደስታው ይመጣል፣ ብዙ ቀን አይመጣም፤ ላብ ብቻ ነው። ባለፈው ሐኪሟ ወረቀቴን አይታ «ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ። እጸልያለሁ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ከመራመዱ ጋር ከሆነ ይቀጥሉበት ብላ ወረቀቱ ላይ ጻፈች።